በሬው ጉብሬ፣ ባለቤቱ ቨርጂኒያ

ለመስቀል አገሩ ያልገባ የጉራጌ ልጅ የሚያቀርበውን ምክንያት የሚቀበል ሽማግሌ እስካሁን አልተገኘም። ታምሜ ነበር ቢል፣ «ታዲያ ከሰው አገር ምን አስተኛህ? እዚህ መጥተህ አትተኛም ነበር?» ይባላል። ሥራ በዝቶብኝ ቢል ነገሩ ይብሳል፤ ዓመቱን ሙሉ የሚሠራው ለመስቀል መሆኑን ዘንግቷል ተብሎ ምክር ይጀመርለታል። እጅ አጥሮኝ ነው የሚለውን ደግሞ በአፉ የሚያወጣ ነጋዴ የለም፤ ተበድሮ ይሄዳል እንጂ።

ስለዚህ ሰዉ ይሄዳል። መስከረም ወደ አጋማሹ ሲጠጋ መርካቶ ውስጥ ቁልፍ የተንጠለጠለበት ሱቅ ይበዛል። ጨርቅ ሊገዛ የመጣ ደንበኛ «አገር ገብቷል» ተብሎ ይመለሳል፤ የት አገር ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሊስትሮው ሣጥኑን አደራ ሰጥቶ፣ የክትፎ ቤቱ ባለቤት ደንበኞቹን ለሽሮ አጋልጦ፣ ሁሉም አውቶቡስ ተራ ይገናኛል። በሰበታ፣ በቱሉ ቦሎና በወሊሶ አድርጎ ወልቂጤ የሚያደርሰው 155 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ በእነዚያ ቀናት ፍራሽ፣ ብርድ ልብስና አዲስ ጫማ በጫነ መኪና ይሞላል። ከወልቂጤ ወደ እምድብር የሚወስደውን ይዞ ጥቂት ለነዳ ደግሞ ጉብሬ ናት። በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ያለው ጉብሬ ነው። ግቢውን ጉብሬ ሰጠች፣ ስሙን ወልቂጤ ወሰደች፤ የጉብሬ ሰው ይህን እያነሣ ጨዋታ ቢጀምር አይፈረድበትም።

ይህን የመስቀል ጉዞ ጉራጌ በቀልድ አልያዘውም። በ1950ዎቹ አዲስ አበባ ያሉ ጉራጌዎች ገንዘብ አዋጥተው፣ ጄኔራል ወልደ ሥላሴ በረካን በመሰሉ ሰዎች መሪነት፣ ወደ አገራቸው የሚያስገባ መንገድ የሚያሠራ ድርጅት አቁመው ነበር። ታሪኩን የሚጽፉ ሰዎች ዓላማው ንግድ፣ ትምህርትና ጤና ነበር ይላሉ። ልክ ናቸው። መስቀልን ግን ከዝርዝሩ ማውጣት አይገባም፤ ጭቃ ላይ ተተክሎ የቀረ አውቶቡስ ውስጥ መስከረም 16 የመሸበት ሰው ለመንገድ መዋጮ እጁን ወደ ኪሱ ለመስደድ ሁለተኛ ቅስቀሳ አያስፈልገውም።

አገር ቤት በዓሉ የሚጀምረው ደመራ ሲለኮስ አይደለም። ሴቶቹ ዓመቱን ሙሉ የቅቤ ዕቁባቸውን ሲጥሉ ይከርማሉ። ወንዶቹ የበሬውን ገንዘብ ያጠራቅማሉ፤ ባሕር ዛፉን ፈልጠው ከቤት ጎን ይከምራሉ። ቆጮው በጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ ቀኑን ይጠብቃል። ቤቱ ይለቀለቃል፣ ጣባው ይታጠባል። ከዚያ ልጆች በጀፎረው፣ ማለትም ቤቶች ግራና ቀኝ ፊት ለፊት በተሰለፉበት በዚያ ሰፊ የሣር መንገድ ላይ፣ የራሳቸውን እሳት ያነዳሉ። ከእርዱ በፊት የጎመን ክትፎ በአይብ ይበላል። በሰባት ቤት ጉራጌ ዘንድ በሬው የሚወድቀው መስከረም 16 ነው። በማግስቱ መስቀል ይሆንና፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት አማት ለመጠየቅ፣ ጎረቤት ለመዞርና የተጣላ ለማስታረቅ ይውላሉ። ሶዶ ክስታኔ ዘንድ ደግሞ ወጣቱ አዳብና ወደሚባለው ጨዋታ ሎሚውን ይዞ ይወጣል፤ የብዙ ትዳር መነሻ ያ ሎሚ ነው።

እንግዲህ ጉራጌ ውጭ አገር መኖር የጀመረው ፓስፖርት ከማውጣቱ በፊት ነው ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው ውጭ አገሩ አዲስ አበባ ነበረች። ልብ በሉ፤ አዲስ አበባ ቆጮ አለ፣ ቅቤ አለ፣ በሬ አለ፣ ዘመድ ሞልቷል። ደመራው እንደሆነ መስቀል አደባባይ ላይ ካህናቱ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራኑና ሹማምንቱ ባሉበት በክብር ይለኮሳል። በኅዳር 2006 ዓ.ም. ዩኔስኮ ባኩ ላይ ተሰብስቦ በዓሉን በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሮታል። ይህ ሁሉ እያለ፣ ዓመቱን ሙሉ ለሌላው ክትፎ ሲሸጥ የከረመው ሰው የራሱን ክትፎ ለመብላት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። በአጭሩ፣ ጉራጌ ከቤቱ ርቆ የመኖር ልምዱ ረጅም ነው፤ መስቀልን ከቤቱ ርቆ የማክበር ልምድ ግን አልነበረውም። ሳይለማመደው ነው አውሮፕላን የተሳፈረው።

አሁን አውቶቡስ የማይደርስበት ልጅ በዛ። ከእነዚህ አንዱ፣ የጉብሬ ልጅ፣ ቨርጂኒያ ይኑር እንበል፤ አንድ ሰው ይመስላል እንጂ በዋሽንግተን ዙሪያ ከእርሱ የማይለዩ ብዙ አሉ። ይህ ሰው በመስከረም ወር መጀመሪያ የሚጣላው ከቀን መቁጠሪያ ጋር ነው። መስቀል በፈረንጅ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 27 ነው። ሦስት ዓመት በዚያው ቀን ይውልና አለቃው ሲለምደው፣ በአራተኛው ጳጉሜን 6 ትሆንና በዓሉ ወደ 28 ይገፋል። በ2016 ዓ.ም. የሆነው እንዲህ ነው። አለቃው «አምና 27 ነበር ያልከኝ» ይላል። የጉብሬው ልጅ ስለ አሥራ ሦስተኛው ወር፣ ስለ አራቱ ወንጌላውያንና ስለ ዘመነ ሉቃስ ያስረዳል። ፈቃዱ በመጨረሻ ይገኛል፤ አለቃው አምኖ አይመስልም፣ ደክሞት ነው። እሱም ቢሆን ያለ ደሞዝ ሊሆን ይችላል፤ አሜሪካ ውስጥ አሠሪ ለሠራተኛው በደሞዝ ፈቃድ እንዲሰጥ የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ የለም።

ከቀኑ ቀጥሎ ሰዓቱ አለ። በመስከረም ወር ኢትዮጵያ ከዋሽንግተን በሰባት ሰዓት ትቀድማለች። እናት በስልክ «እሳቱ ማታ 12 ሰዓት ላይ ነው» ይላሉ። በዚያች ደቂቃ ልጃቸው ግድግዳ ላይ ያለው ሰዓት 11 ይላል፤ ጧት ማለት ነው፣ የሥራ ሰዓት። ለእናት ልዩነቱ ያቺ አንድ ሰዓት ብቻ ናት። «አንድ ሰዓት ቀደም ብለህ መነሣት አቅቶህ ነው?» ቢሉ ምን ይመለስላቸዋል? የሰዓት አቆጣጠሩን፣ የፀሐዩን ነገር፣ የምድርን መዞር ማስረዳት ይቻል ይሆናል፤ ነገር ግን የደቂቃው ሂሳብ እየቆጠረ፣ ከበስተጀርባ ልጆች እየጮሁ፣ መረቡ ሄድ መጣ እያለ አይሆንም።

ወደ በሬው እንመለስ። የበሬው ጉዳይ የሚነሣው ነሐሴ ላይ፣ ፍልሰታ ሳትፈታ ነው። መጀመሪያ በቴሌግራም ፎቶ ይመጣል። በሬው ጭቃ ላይ ቆሞ፣ ቁመቱ እንዲታወቅ አጠገቡ የወንድም ልጅ እንዲቆም ተደርጎ፣ ጥግ ላይ ደግሞ የሻጩ ከዘራ ይታያል። ቀጥሎ አባት ይደውላሉ።

«አየኸው?»

«አየሁት አባባ። ትንሽ አልከሳም?»

«ፎቶው ነው ያከሳው።»

«ስንት ተባሉ?»

«አንተ ስንት አለህ?»

ውይይቱ ከዚህ በላይ አይረዝምም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. መንግሥት የብርን ምንዛሪ ለገበያ ሲለቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ቀናት ውስጥ 100 ብር ሲጠጋና ሲያልፍ፣ ውጭ ያለው ልጅ ዘንድሮስ መስቀል ቀለለልኝ ብሎ ነበር። የዶላሩን ነገር ግን እርሱ ብቻ አልሰማም፤ የበሬው ሻጭም ሬዲዮ ነበረው። በሬው ዋጋውን ጨምሮ ጠበቀው። የላኪው ትርፍ እንግዲህ አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ በብር ሲነገር የሚያስደነግጥ ገንዘብ መላኩ። አባትም ይህን ቁጥር ለጎረቤት ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ አያደርጉም።

በዕለቱ ስልኩን የሚይዘው የወንድም ልጅ ነው። በሬው ሲወድቅ ያሳያል፤ ሥጋው ሲወጣ፣ አባት ሲመርቁ፣ ቢላዎቹ መክተፊያው ላይ ሲያርፉ ያሳያል። ክትፎው በትኩስ ቅቤ ከታሸ በኋላ ግን ያው ልጅ በአንድ እጁ እየጎረሰ በሌላው ስልክ ይይዛል፤ ከዚያ እጅ ይቀያይራል። ካሜራውን ቅቤ ይነካውና የቀረው በዓል ጭጋግ ውስጥ ይገባል። ቨርጂኒያ ያለው የበሬው ባለቤት ከዚህ በኋላ የሚያየው ቢጫ ብርሃን ነው፤ ድምፅ ግን በደንብ ይሰማል። «ብላ እንጂ! ምነው አትበላም?» ይላሉ አንድ አክስት፤ ለማን እንዳሉት አይታወቅም።

አንዳንዱ ታዲያ ማየት ብቻ ይሰለቸውና ክትፎውን እዚያው ለማዘጋጀት ይነሣል። ችግሩ የሚጀምረው ከቅቤው ነው። የአገር ቅቤ፣ ኮሰረቱ የገባ፣ እናት በእጃቸው ያነጠሩት ቅቤ፣ በሕግ ዓይን ኮንትሮባንድ ነው። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከውጭ በሚመጣ መንገደኛ ሻንጣ ሥጋና የወተት ውጤት እንዳይገባ ይከለክላሉ። አሜሪካም የእንስሳት በሽታ ስለምትፈራ በዚህ በኩል ጥብቅ ናት፤ በአውሮፕላን ጣቢያዎቿ ቢግል የሚባሉ ጆሯቸው የወደቀ ትንንሽ ውሾች ሻንጣ ለሻንጣ እያሸተቱ ይዞራሉ። ውሻው ፖም፣ ሥጋና ብርቱካን እንዲለይና ሲያገኝ እንዲቀመጥ ሠልጥኗል። በሁለት ፌስታል፣ በአንድ ፎጣና በሦስት ሹራብ የተጠቀለለ የጉራጌ ቅቤ ፊት ሲደርስ ግን ሥልጠናው ትርፍ ነው፤ ያልሠለጠነ ውሻም ይቀመጥ ነበር። እናቶች ይህን እያወቁ ይልካሉ። የተመለሰ ቅቤ የለም፤ የጣቢያው ሠራተኞች የት እንደሚያደርጉት ሲጠየቅ ይቃጠላል ይባላል፤ ይህንን የምታምን የጉራጌ እናት አልተገኘችም።

ስለዚህ ቅቤው ከሱፐርማርኬት ይገዛል፤ ኮሰረቱ ደርቆ ስለሚመጣ እርሱ ችግር የለውም፣ ሚጥሚጣም እንዲሁ። አይቡ ከተገዛ አሬራ መሰል ነገር እሳት ላይ ተጥዶ ይሠራል፤ ደግሞም አይከፋም። ሥጋው ከኢትዮጵያዊ ሉካንዳ ይመጣል። እዚህ ላይ ግን አንድ ዲግሪ የሚያህል ሳይሆን ብዙ ዲግሪ የሚያህል አለመግባባት አለ፤ የአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር የተፈጨ የበሬ ሥጋ ውስጡ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርስ ይብሰል ይላል። የጉብሬ አባት ለብለብ የሚለውን እንኳ በጥርጣሬ ነው የሚያየው። ምግብ ቤቶቹ ሁለቱንም ወገን ለማስደሰት ሜኑው ግርጌ ላይ ጥሬ ሥጋ መብላት ለሕመም ሊዳርግ ይችላል የሚል ማስታወቂያ በደቃቅ ፊደል ያትማሉ። ክትፎ የሚያዝዝ ሰው ያቺን ፊደል ሲያነብ ታይቶ አይታወቅም።

መክተፉም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። በቢላ ይከተፍ ቢባል፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ በሌሊት የሚነሣው ድምፅ አራተኛ ፎቅ ያለውን ጎረቤት ያስቆጣል። በማሽን ይፈጭ ቢባል፣ አባት ከጉብሬ በቪዲዮ «በቢላ ነው?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። እዚህ ላይ ብዙ የተከበሩ ሰዎች፣ የሁለትና የሦስት ልጆች አባቶች፣ በመስቀል ምድር አባታቸውን ይዋሻሉ። አባትም ክትፎውን በስልኩ መስታወት አይተው ይለዩታል፤ ግን በበዓል ቀን ነገር አያበዙም። ከዚያ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ቡናው ይቆላል፤ ኮርኒሱ ላይ ያለው የጭስ ጠቋሚ ደግሞ ሃይማኖትም ባህልም ሳይለይ ይጮሃል። በፎጣ ማራገብ የዳያስፖራው በዓል ቋሚ ሥርዓት ሆኗል ቢባል ማጋነን አይደለም።

የቆጮው ነገር ነው የባሰ የሚያስገርመው። እንሰትን አልምቶ ለምግብ ያዋለ አገር ኢትዮጵያ ብቻ ናት፤ 20 ሚሊዮን ያህል ሰው ይመገበዋል ይባላል። ከተተከለ በኋላ ለዓመታት ተጠብቆ፣ ተፍቆ፣ ተቀብሮ፣ ቦክቶ ነው ቆጮ የሚሆነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጄምስ ብሩስ የተባለው ስኮትላንዳዊ መንገደኛ ተክሉን ሥሎ ለአውሮፓ አስተዋወቀ። አውሮፓ ምን አደረገበት? አበባ ማስቀመጫ ውስጥ ተከለው። ዛሬ ለንደን ውስጥ በሚገኙ መናፈሻዎችና የግል አትክልት ቦታዎች ቅጠሉ ቀላ ያለ እንሰት ለጌጥ ይተከላል፤ የእንግሊዝ ንጉሣዊ የአትክልት ማኅበር ለዚህ ዓይነቱ የአትክልት ብቃት ሽልማት ሰጥቶታል። ውርጭ ሲመጣ ተጠቅልሎ ወይም ወደ መስታወት ቤት ገብቶ ይከርማል። ከጉብሬ የሄደ ሰው ይህን ሲያይ የሚሰማው ስሜት ግራ የገባ ነው። በአንድ በኩል ኩራት፤ አክስቱ ጓሮ የሚበቅለው ተክል ተሸልሟል። በሌላ በኩል ደግሞ፣ በመስከረም መጨረሻ ላይ ቅጠሉ በጣም ሰፍቶ፣ ክትፎ ለማቅረብ የተመቸ ሆኖ፣ «አትንኩ» የሚል ምልክት አጠገቡ ቆሞ። አብዛኛው ሰው ሕግ አክባሪ ነው፤ ከእስያ ግሮሰሪ የበረደ የሙዝ ቅጠል ገዝቶ ይመለሳል። በሙዝ ቅጠል የቀረበ ክትፎ ጣዕሙ አይለወጥም፤ አባት በቪዲዮ ሲያዩት ግን ቅጠሉን ያውቁታል።

ደመራውም ፈቃድ ይፈልጋል። በአሜሪካ ከተሞች ሜዳ ላይ እሳት ለማንደድ የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤቱን ማነጋገር ግድ ነው፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ ደግሞ መስከረም መጨረሻ የሰደድ እሳት ወቅት ስለሆነ፣ የችቦ ጥያቄ የሚቀርብላቸው ሰዎች ፊታቸው አይፈታም። ስለዚህ አብያተ ክርስቲያናቱ በዓሉን ከሥራ ቀን ወደ ቅዳሜ ወይም እሑድ ገፋ አድርገው፣ በመኪና ማቆሚያ ወይም በመናፈሻ ሜዳ፣ ቁመቱ የተመጠነ ደመራ ያቆማሉ። ደመራው ወደየት እንደወደቀ ተመልክቶ የዓመቱን መልካምነት የሚተነብይ ሽማግሌ እዚያም አለ። ሜዳው ጠባብ ስለሆነ ግን ደመራው ወደ መኪናዎቹ እንዳይወድቅ አስቀድሞ በሽቦ ይወጠራል፤ ትንቢቱም በዚያው መጠን ይቀልላል።

በዓሉን እንዲህ እንኳ ለማክበር የማይመቻቸው አሉ። ሪያድ ወይም ቤይሩት ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ በመስከረም ወር ሰዓቷ ከጉብሬ ሰዓት ጋር አንድ ነው፤ እሳቱ ሲለኮስ እርሷ ጋም መሽቷል። እርሷ ግን በዚያች ሰዓት የሌላ ሰው እራት እየሠራች ነው። ዱባይ ያለችው ደግሞ የዋትሳፕ ጥሪ ስለማይሠራ ቦቲም የሚባለውን ትጭናለች፤ እናቷም ጉብሬ ሆነው እንዲጭኑ ታስተምራለች፤ ይህ ትምህርት ከራሱ ከበዓሉ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። የእናቷን የቅቤ ዕቁብ የምትከፍለው እርሷ ናት። ከጉብሬ አልፎ በዚያው መንገድ ሆሳዕና ለደረሰ ሰውም ነገሩ አዲስ አይደለም፤ ሀዲያ ያሆዴን በዚያው በመስቀል ሰሞን ያከብራል፣ ጆሃንስበርግ ሱቅ ያለው ልጁም ስልኩን እንደተደገፈ ያመሻል።

ትኬት የቆረጡትስ? በ2014 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ አንድ ሚሊዮን ዳያስፖራ ለገና አገሩ እንዲገባ ጥሪ አቅርበው ነበር፤ ሆቴሉ ቅናሽ አደረገ፣ ዘመቻ ሆነ፣ ዜና ሆነ። ጉራጌ ነገሩን የተቀበለው በአክብሮት ነው፤ ጥሪ ሳይኖር በየዓመቱ የሚያደርገውን ነገር መንግሥት ሲያደርገው ማየት ደስ ይላል። ከዋሽንግተን በኢትዮጵያ አየር መንገድ ተነሥቶ፣ ቦሌ ወርዶ፣ በማግስቱ ጉብሬ የሚገባ ሰው ግን ሌላ ፈተና ይጠብቀዋል፤ ልጆቹ። ትምህርት ቤታቸው ከተከፈተ ገና ብዙ አልቆየም፤ ለመምህሯ ደብዳቤ ተጽፏል፣ ልጆቹም ስለ ጉዞው ተመልሰው ለክፍላቸው እንዲናገሩ ተነግሯቸዋል። ትንሿ በሬውን ከነሐሴ ጀምሮ በቪዲዮ ስታየው ስለከረመች ስም አውጥታለታለች። ማክስ። ጉብሬ ስትደርስ መጀመሪያ የጠየቀችው አያቷን ሳይሆን ማክስን ነው። ስም የወጣለት በሬ እንዴት ይታረዳል? ሽማግሌዎቹ የጆካ በሚባለው የሰባት ቤት ባህላዊ የዳኝነት ሥርዓት በባላንጣዎች መካከል የሚፈርዱ ሰዎች ናቸው፤ ይህ ግን ቀድሞ አላጋጠማቸውም። አያት ብቻ አልተቸገሩም።

«ማክስ ቡታጅራ ሄዷል» አሉ።

«ለምን?»

«ዘመድ ሊጠይቅ።»

ልጅቷም ተቀበለች፤ ለመስቀል ዘመድ መጠየቅ ያለ ነው ተብላ መጥታለች። ማታ ክትፎውን ቀመሰች፣ ሚጥሚጣው አቃጠላት፣ ደግማ ጠየቀች። ነገሩን የሚነግራት ሰው እስክታድግ ድረስ የሚገኝ አይመስልም።

ይህ ሁሉ የክርስቲያኑ ብቻ ታሪክ እንዳይመስል፣ ለሙስሊሙ ጉራጌና ለስልጤው አረፋ አለ። በአረፋ ሰሞንም ያው አውቶቡስ ተራ፣ ያው የተቆለፈ ሱቅ፣ ያው «አገር ገብቷል» ነው። አረፋ እንዲያውም በየዓመቱ አሥር አሥራ አንድ ቀን ወደ ኋላ ስለሚመጣ፣ ውጭ አገር ያለው ልጅ ዕድለኛ ከሆነ ከልጆቹ የትምህርት ዕረፍት ጋር የሚገጥምበት ዓመት ያገኛል። መስቀል ይህን ምሕረት አያውቅም፤ ሁልጊዜ ትምህርት ሲጀመር ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ፍርዱን ከተጠየቀ፣ የቨርጂኒያው ክትፎ ጥሩ ነው፤ አንዳንዴም፣ ይህን አባቶች ባይሰሙት፣ በጣም ጥሩ ነው። መስቀል ግን አይደለም። ምክንያቱ ቅቤውም ቢላውም አይደለም። መስቀል ጉራጌ ቤት ከምግብ በፊት ስም ጥሪ ነው፤ አባት ገበታው ላይ ዓይናቸውን አዙረው ማን መጣ፣ ማን ቀረ ብለው የሚቆጥሩበት ቀን ነው። ለዚህ ቆጠራ በሬ መላክ ይጠቅማል፣ መደወልም ይጠቅማል፣ ሰውየው እንደ ቀረ መቆጠሩን ግን አያስቀሩም። ስለዚህም ነው ስልኩ ዝም ብሎ ግድግዳ ተደግፎ፣ መስታወቱ ቅቤ ነክቶት፣ ማንም ሳያናግረው እንኳ የማይዘጋው፤ ከዘጋ አልመጣም ተብሎ ይጻፍበታል።

ለ2019 እና ለ2020 መስቀል የሚያቅድ አንባቢ አንድ ሁለት ነገር ይያዝ። ትኬት ነሐሴ ላይ ሳይሆን ሰኔ ላይ ይቁረጥ፤ ከቦሌ በኋላ ያለውን መኪናም አስቀድሞ ያናግር፣ ምክንያቱም በመስቀል ሰሞን የወልቂጤን መኪና ማግኘት ከቪዛ ይከብዳል። ቅቤ አይላክበት። የበሬውን ዋጋ በነሐሴ ሳይሆን በሐምሌ ይጠይቅ። የ2019 ዓ.ም. መስቀል እሑድ፣ ሴፕቴምበር 27 ነው። የ2020ው ግን ጳጉሜን 6 ስለምትኖር ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 28 ይውላል፤ ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው ቅጹ ላይ 27 ብሎ እንዳይሞላ።